«ሕግማ ሞልቶናል» ላሉት ጸሐፊ፦ ከአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የተጻፈ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛዬ ፍላሹን ሰጠኝና «ይቺን ሦስት ኮፒ» አለኝ። ማሽኑ እስኪሞቅ የሚወጣውን ገጽ ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ አላልፍም፤ የዚያን ቀን ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጨረስኩ። ልጁ ከፍሎ ሲወጣ ለራሴ አራተኛ ኮፒ አወጣሁና በእርሳስ እያሰመርኩ ደግሜ አነበብኩት።

ጽሑፉ ስለ ሕግ አውጪዎቻችንና ስለ ቴክኖሎጂ ነው። የጸሐፊውን ስም አላነሳም፤ ሙግቴ ከሐሳባቸው ጋር ነው። ላላነበባችሁት ጭብጡ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ ቴክኖሎጂ አያውቅም እያሉ መሳለቅ ፋሽን ሆኗል፤ እንደራሴ ግን ኮምፒውተር አዋቂ የመሆን ግዴታ የለበትም፣ የአሜሪካኖቹም አያውቁም። በዲጂታሉ ዘርፍ ሕግማ ሞልቶናል። የቅጂ መብት የሚጣሰው ሕዝቡ በነፃ መጠቀም ስለለመደ ነው፤ መድኃኒቱም ቅጣት ማክበድ ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጁ የሠለጠኑት አገሮች ያደረጉትን አደረገ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ኢንተርኔት መዝጋት የጸጥታ ጉዳይ ስለሆነ ምክር ቤቱን አይመለከትም። ለፋይዳ የሰጠነው መረጃም የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ ስላለው ሥጋት አይግባን። እኔ የቆጠርኳቸው ስድስት ነጥቦች እነዚህ ናቸው። አንዳንዱ ረጅም መልስ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በአንድ አንቀጽ ያልቃል።

እኔ ማን ነኝ? ከፓርላማው የሰዓት ማማ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ድሮ ፒያሳ ነበርኩ፤ በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ማሽኖቼን ጭኜ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። ማታ ማታ ሕግ ተምሬ ዲግሪ ይዣለሁ፤ ጥብቅና ውስጥ ግን አልገባሁም (ቶነር ሲያልቅበት ይናገራል፣ የጠበቃ ደንበኛ ገንዘቡ ሲያልቅበት ይጠፋል)። ነጋሪት ጋዜጣ የሚያስባዛ ጠበቃ፣ ሃንድአውት የሚያስባዛ ተማሪ፣ ረቂቅ አዋጅ የሚያስጠርዝ የመሥሪያ ቤት ሰው በኔ ደጅ ያልፋል።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ እንደራሴ ቴክኖሎጂ ማወቅ የለበትም የሚለው። በግማሹ እስማማለሁ። ጤፍ ሳይዘራ የግብርና ሕግ የሚያጸድቅ እንደራሴ ሞልቷል፤ በቴክኖሎጂው ብቻ ለይተን ብንስቅበት ግፍ ነው። ጸሐፊው ለማስረጃ የጠቀሱት በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት የሆነውን ነው። ኦሪን ሃች የተባሉ አዛውንት ሴናተር ማርክ ዙከርበርግን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ተጠቃሚው ካልከፈለ ድርጅትህ በምን ይተዳደራል ብለው ጠየቁት። እሱም ማስታወቂያ እናስተዋውቃለን ብሎ መለሰ፤ ዓለም ሳቀባቸው። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። የፌስቡክን ጓዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስወጣ ጥያቄ ነው፤ የጠየቁትም የድርጅቱ ባለቤት ካሜራ ተደቅኖበት ሳለ ነው። የኛ ቋሚ ኮሚቴ አንድ የቴሌኮም ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ኃላፊ አስቀምጦ እንዲህ ያለ የዋህ ጥያቄ ሲጠይቅ አላየሁም። የዋህ ጥያቄ ብርቅ በሆነበት ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ስለ ባለሙያ የምናወራው።

እዚያው አሜሪካ በጥር 2004 በኛ አቆጣጠር የሆነውን ጸሐፊው ዘለውታል። ሶፓና ፒፓ በሚል ምሕጻር የታወቁ ሁለት የቅጂ መብት ረቂቆች ኮንግረስ ውስጥ ነበሩ፤ ሕገወጥ ቅጂ አለባቸው የተባሉ የውጭ ድረ ገጾችን ለማገድ በር የሚከፍቱ ነበሩ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለአንድ ሙሉ ቀን ገጹን አጥቁሮ ዋለ፤ ሕዝቡ የእንደራሴዎቹን ስልክ አጨናነቀ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ረቂቆቹ ወደ ጎን ተባሉ፣ በዚያው ቀሩ። የዚያ አገር እንደራሴም አያውቅም፤ ግን ተመለስ ሲሉት ይመለሳል።

በዚያው በ2004 የኛ ምክር ቤት ምን አጸደቀ? የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ን። አንቀጽ 10 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይሄ ሳያንስ አገልግሎቱን ያገኘውን፣ ያውም በቸልተኝነትም ቢሆን፣ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ያስራል። ያኔ ፒያሳ አራት ኮምፒውተር ይዤ የኢንተርኔት አገልግሎት እሰጥ ነበር። ጅዳ ያለች ልጃቸውን በስካይፕ ለማናገር የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። በአዋጁ ንባብ እኔ ለሦስት ዓመት፣ እማማ ለሦስት ወር እጩዎች ነበርን። መንግሥት በወቅቱ ተራ ተጠቃሚን አይመለከትም ብሎ አስተባብሏል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ዳኛ የሚያነበው ነጋሪት ጋዜጣውን ነው፣ ማስተባበያው ጋዜጣው ላይ አልታተመም። ዛሬ አገሩ በሙሉ በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ይደዋወላል። ያንን አንቀጽ አንስቶ «እንዴት እንዲህ ጻፍን?» ያለ የምክር ቤት አባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሰው አዲስ ነገር ላይ ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ስህተቱን ተመልሶ የሚያይ ግን የለም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፦ ሕግ ሞልቶናል። እውነት ነው፣ ሞልቶናል፤ አባዝቼ የሸጥኳቸው እኔ ነኝ። የኮምፒውተር ወንጀል 958/2008፣ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ 1072/2010፣ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት 1148/2011፣ ኤሌክትሮኒክ ግብይት 1205/2012፣ ሌላም ሌላም። የሁሉም የመጨረሻ ገጽ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን። ለተራው ሰው የሚጠቅመው ነገር፣ ማለትም የት ይከሰሳል፣ በስንት ቀን መልስ ይሰጣል፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ወደዚያ ይገፋል። በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያ ተመዝግቦ በድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ መውጣት አለበት። ይሁንና «የዚህን አዋጅ መመሪያ አለህ?» ብሎ ሱቄ የሚመጣ ጠበቃ በሳምንት አይጠፋም። ድረ ገጹ ቢሠራ እኔ ጋ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ገቢዬ ነውና ብዙ አላማርርም።

አሁን ሦስተኛው፣ የቅጂ መብቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንጀራዬ ነው።

ጸሐፊው ሕዝቡ በነፃ መጠቀም ስለለመደ ቅጣቱ ይክበድ ይላሉ። ለመሆኑ አሁን ያለውን ቅጣት አይተውታል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 36 ላይ እንደተጻፈው፣ መብቱን ሆነ ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። የሞራል ካሳው ደግሞ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተጽፏል። አሁን ከጥላቻ ንግግር አዋጁ ጋር አስተያዩት። አንድ ሰው ባሰማው የጥላቻ ንግግር ምክንያት በሰው ላይ ጥቃት ቢፈጸም ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ የምህንድስና መጽሐፍ ሆነ ብሎ ያባዛ ሰው ቅጣት የሚጀምረው፣ ሰው ያስደበደበው ሰው ቅጣት ከሚያልቅበት ነው። ከዚህ በላይ ወዴት ይክበድላቸው?

ቅጣት ከባድ ሲሆን ደግሞ ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም ይፈሩታል። አንድ ተማሪ ለፈተና ያስባዛትን መጽሐፍ ይዞ አምስት ዓመት የሚያስፈርድ ማነው? ስለዚህ ሕጉ በተፈጥሮው ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል፣ ወደ ማስፈራሪያነት። ፒያሳ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ሚሞሪ ላይ ዘፈን ትጭናለህ ብለው ሁለት ኮምፒውተሬን ይዘው ሄዱ። አዎ፣ ጭኛለሁ፤ ያኔ ያልጫነ የለም። ዘጠኝ ቀን ከተመላለስኩ በኋላ ያለ ክስ፣ ያለ ወረቀት መለሱልኝ። የተወሰደብኝ የዘጠኝ ቀን ገቢ ለአንድም ዘፋኝ አልደረሰም። ዘፋኞቹ መወሰዱንም አያውቁም።

በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ይህን ያቃናል ተብሎ ነበር። ባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን በንግድ ከሚጠቀም ሁሉ ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ ፈቀደ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ ይለቃል፤ ሚኒባሱም፣ ሥጋ ቤቱም እንዲሁ። ባለ ካፌውን «ለዘፈኑ ትከፍላለህ?» ስለው የቀልድ ነገር መስሎት ማኪያቶ ጋበዘኝ። ማንም መጥቶ ክፈል አላለውም፤ ቢሉትም ለማን፣ በምን ሒሳብ፣ በየትኛው ደረሰኝ እንደሆነ አያውቅም። ለዘፋኙ ሮያሊቲ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል።

ቀኖቹን ደግሞ እንመልከት። የ1996ቱ አዋጅ የወጣው በሐምሌ ነው። ዩቲዩብ የተመሠረተው ከዚያ ሰባት ወር ዘግይቶ በየካቲት 1997 ነው። ስለዚህ ያን አዋጅ የጻፉትን ስለ ቪዲዮ መጫን ምንም አላሉም ብዬ አልወቅስም። ማሻሻያው ግን በ2007 ነው፤ ዩቲዩብ አሥር ዓመት ሊሞላው፣ ቴሌግራም ከወጣም ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ያኔ መጻፍ የነበረበት አንድ ቀላል ነገር ነበር፦ አንድ ደራሲ መጽሐፉ ያለ ፈቃዱ በፒዲኤፍ ሲዘዋወር ለማን ያመለክታል፣ የተቀበለው ወገን በስንት ቀን ያወርዳል፣ በስህተት የወረደበትስ እንዴት ይከራከራል? ይህ አልተጻፈም። ዛሬ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ በታተመ በሳምንቱ በካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ደራሲው ሲመጣ እንባው በዓይኑ ሞልቶ «የት ልክሰስ?» ይለኛል፤ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ እንጂ ችሎት አይደለሁም።

ዘፋኞቻችን ግን አንድ መላ አግኝተዋል። ዘፈናቸው በሌላ ሰው ቻናል ሲጫን ለዩቲዩብ ያመለክታሉ፣ ቪዲዮው ይወርዳል፣ ሦስት ጊዜ የተመታ ቻናል ይዘጋል። ይህ ሥርዓት ከየት መጣ? በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስ ካወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ። የባለመብቱ አቤቱታ ሲደርሰው ያወረደ ድርጅት ከተጠያቂነት ይድናል፤ የወረደበትም ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። እንከን አለበት፣ በሐሰት የሚያስወርዱበትም ሞልተዋል። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ድምፃዊ መብቱን የሚያስከብረው የዋሽንግተን ሕግ አውጪ ባኖረለት በር ነው። ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱ የፈጠራና የድርሰት መብቶችን ይጠብቃል የሚለውን እያነበብኩ ይሄን ሳስብ ሳልወድ እስቃለሁ።

እና «ሕዝቡ ለምዶ ነው» የሚለው? ወደ ሱቄ የሚመጣው ተማሪ የሚፈልገው መጽሐፍ ገበያ ላይ የለም፤ ካለም ዋጋው የቤተሰቡን የወር አስቤዛ ይበልጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ ቅጂ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ስድሳ ናቸው። አዋጁ አንድ ሰው ለግል ጉዳዩ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፣ ገደቦችም አሉት። ሆኖም ተማሪው ማሽን የለውም፤ አዝራሩን የምጫነው እኔ ነኝ። የኔ ጣት የተማሪው ጣት ነው ወይስ የነጋዴ? ቅጣቱ ከአምስት ዓመት በሚጀምር ሕግ ውስጥ ይህን ለይቶ የሚነግረኝ መስመር ላገኝ አልቻልኩም። በሌላ በኩል ሕግን፣ ነጋሪት ጋዜጣን ማባዛት ነፃ ነው፤ አንቀጽ 5 የሕግ ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቶነር፣ በቀኝ በኩል ያለው ክምር ንጹሕ ነው፣ በግራ በኩል ያለው ወንጀል ሊሆን ይችላል። የሚያስከስሰኝን አዋጅ ራሱን ግን እንደልቤ አባዝቼ እሸጣለሁ።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ በ2013 የማራኬሽ ስምምነት አባል ሆናለች። ማየት ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ ወደሚያነቡት ዓይነት እንዲለወጥ የሚፈቅድ ስምምነት ነው፤ ሰውየው ራሱ ወይም እሱን ወክሎ ሌላ ሰው ቅጂውን ማዘጋጀት ይችላል ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ ዓይነ ስውር የስድስት ኪሎ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ መጣ፣ ስካን አድርጌ በኮምፒውተር እንድጽፍለት። ሠራሁለት። አዋጁ ላይ ግን ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ስፈልግ አምሽቻለሁ። ስምምነት ማጽደቅ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል፤ ከፓርላማው ፊት ለፊት አብርሆትን የሚያህል ቤተ መጻሕፍት ቆሟል፣ የዲጂታል ቅጂ ማዋስ ይችላል ወይ የሚለውን ግን ማን ይመልስ?

ወደ አራተኛው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የካቲት 5 ቀን 2012 ሲጸድቅ 23 አባላት ተቃውመውታል፣ 2 ድምፅ ተዓቅቦ አድርገዋል። ይህን ለጸሐፊው ክብር ስል ነው የማነሳው፤ የክርክር ሽታ ያለበት ቀን ነበር። የጥላቻ ንግግር ሰው የሚያስገድል መሆኑንም እዚህ አገር ለሚኖር ማስረዳት አያስፈልግም። ጥያቄዬ የሠለጠኑት አገሮችም እንዲህ አድርገዋል በሚለው ላይ ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት ጀርመንን ነው። እስቲ እንያት። የጀርመን የ2017 እ.ኤ.አ. ሕግ አዎ፣ ግልጽ የሆነ ሕገወጥ ጽሑፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ይውረድ ይል ነበር። ያስገድድ የነበረው ግን አገሪቱ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ያላቸውን ኩባንያዎች ነው፤ ቅጣቱም እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ የኩባንያ ቅጣት ነበር። የኛውም 24 ሰዓት ብሏል። ኩባንያው ባያወርድ ምን እንደሚደርስበት ግን አይነግረንም። ቁጥር ሲጠራ የምናገኘው በግለሰቡ ላይ ነው፦ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። ጀርመን ዝሆኑን አሰረች፤ እኛ ዝሆኑን ለምነን ጉንዳኑን ቆጠርን።

ፈረንሳይም በ2020 እ.ኤ.አ. የጀርመንን መንገድ ልትከተል ሞክራ ነበር። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የ24 ሰዓቱን ግዴታ ሻረው፤ ኩባንያዎቹ ቅጣት ፈርተው ያገኙትን ሁሉ ያወርዳሉ፣ ሐሳብ የመግለጽ ነፃነት ይጎዳል ብሎ። የኛ አዋጅ ከጸደቀ ገና አራት ወሩ ነበር። ጎረቤት ላይ ሲፈርስ ያየ ሰው የራሱን ግድግዳ አይነካካም?

5,000 የሚለው ቁጥርስ? ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው የጓደኛ ብዛት ጣሪያ 5,000 ነው፤ ከዚያ ተገልብጦ ይሆን? መገመት ነው። የሱቄ የቴሌግራም ቻናል፣ የድሮ ፈተናዎችን የምለጥፍበት፣ 5,300 ሰው አለው። በአዋጁ ዓይን እኔና የአንድ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ አንድ ረድፍ ላይ ቆመናል። እሱ ሦስት አራሚ፣ አንድ የሕግ አማካሪ አለው። እኔ ያለችኝ የእህቴ ልጅ ናት፣ እሷም ሒሳብ ትምህርት ብቻ ነው የምታርምልኝ። አንድ ቀን የፈተና ቀን ተራዘመ የሚል ወሬ አምኜ ለጥፌ ነበር፤ ውሸት ሆነ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አነሳሁት። ያን ሌሊት አዋጁን አውጥቼ «እያወቀ» የሚል ቃል ስፈልግ እንቅልፍ አጣሁ።

አምስተኛው አጭር ነው፦ መዝጋት የጸጥታ ጉዳይ ነው የሚለው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ጠፍቶ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ተገደቡ፤ በሱቄ በብዛት የተሸጠው አገልግሎት ፎቶ ኮፒ መሆኑ ቀርቶ «ቪፒኤን ጫንልኝ» ሆነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገጾች በነዚያው በተገደቡ መድረኮች ላይ መግለጫ መለጠፋቸውን አላቆሙም ነበር። የጸጥታ ችግር አልነበረም አልልም፤ ሁለቱም ጊዜ አገሩ በእሳት ላይ ነበር። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ነው ይላል። ሕግ የሚያወጣው ማነው? ጉዳዩ የምክር ቤቱ አይደለም ማለት አንቀጽ 29ን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ነው። ቢያንስ ለምን፣ በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቀን ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ይችል ነበር።

ስድስተኛው ላይ ራሴን ልከስስ ነው።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ 1321/2016። አሥር ጣታችንን፣ የዓይናችንን ብሌን፣ ፊታችንን መስጠት ከጀመርን በኋላ ጠባቂው ሕግ ዓመት ቆይቶ መጣ። ጸሐፊው ዋናው መምጣቱ ነው ይላሉ። ይሁን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን አልተርትባቸውም፤ የመጣው ሕግ በወረቀቱ ጥሩ ነው። መረጃ ያፈተለከበት አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ ይላል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ሱቄ ኑ። ባንኩም፣ ቀበሌውም፣ ቀጣሪውም ፋይዳ ሲል ሰው ሁሉ «ፋይዳዬን በካርድ አትምልኝ» ብሎ መጣ። ፎቶውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ አውርጄ፣ አስተካክዬ፣ አትማለሁ። ማታ አንድ ቀን የኮምፒውተሬን የወረዱ ፋይሎች ስከፍት ከስምንት መቶ በላይ የሰው መታወቂያ አገኘሁ፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ ቁጥር። ኮምፒውተሯ የይለፍ ቃል የላትም፤ የእህቴ ልጅ ጨዋታ ትጫወትባታለች፤ ያልታወቀ ሰው ፍላሽ በቀን ሠላሳ ጊዜ ይሰካባታል። በአዋጅ 1321 ቋንቋ እኔ «ዳታ ተቆጣጣሪ»፣ ማለትም የሰው መረጃ በእጁ ያለና የሚጠየቅበት ሰው ነኝ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ አዋጁን ለሌላ ሰው ሳባዛ ነው ያነበብኩት። በከተማው ስንት እንደኔ ያለ ቤት አለ? ሁሉንም ፋይል ያን ሌሊት ደመሰስኩ። በማግሥቱ ጠዋት ከመጡት አምስት ደንበኞች ሦስቱ «ባለፈው የላክሁልህ አለ አይደል? ከሱ አትምልኝ» አሉኝ፤ አጠፋሁት ስላቸው ተቆጡኝ።

ጸሐፊው ሥጋት አይግባችሁ ሲሉ ምናልባት ትልልቆቹን የመረጃ ቋቶች አስበው ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ቋቱ ሲዘጋ በመስኮት የሚወጣው ነው። አንድ ገጽ ማስታወቂያ፣ «ፋይዳ የምታትሙ ሁሉ ከሥራ በኋላ ፋይሉን አጥፉ» የምትል፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ብትለጠፍ ከአዋጁ ግማሽ ትበልጥ ነበር። ማስታወቂያዋን እኔ በነፃ አባዛለሁ።

ለማንኛውም በእርሳስ ያሰመርኩት ቅጂ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ጸሐፊው በአራት ኪሎ ሲያልፉ ገብተው ቢያዩት ደስ ይለኛል፣ ማኪያቶው ከባለ ካፌው ነው። አንድ የቀረ ጉዳይም አለን። የእርስዎን ጽሑፍ ለልጁ ሦስት፣ ለራሴ አንድ አድርጌ አባዝቻለሁ፣ በገጽ 5 ብርም ተቀብያለሁ። ለራሴ ያወጣኋት በግል ቅጂነት ትታለፍልኝ ይሆናል። ስለ ሦስቱ ግን እባክዎ ፈቃድዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ፣ ቀኑን ወደ ኋላ አድርገው።